መውጫው በቤንዚን፣ መውረጃው በፎሌ

ነዳጅ ሲወደድ ከነዳጁ በፊት የሚወደደው ርቀቱ ነው። ትናንት ጎረቤት የነበረ ከተማ በአንድ ሌሊት ባዕድ አገር ይሆናል። ተራራ ከቦታው አይንቀሳቀስም ብለው ያስተማሩን የጂኦግራፊ መምህራን ነዳጅ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው አያውቁም ማለት ነው። እኔ ተሰልፌአለሁ። ተራራ ሲሸሽ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያለ ነዳጅ የሚሄድ ነገር አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ ቂም ነው። ቂም የነዳጅ ኩፖን አይጠይቅም፣ ጎማው አይተነፍስም፣ ዳገት አይፈራም፤ ባለቤቱ ተኝቶ እንኳ እሱ ሲነዳ ያድራል። የእኔ ያለ አንዳች ጥገና ለዓመታት ሠርቷል። ስለ እሱ ጥቂት ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁምና ታገሡኝ። እናንተ የዛሬ ሰዎች ባጃጅ ትንሽ ስትዘገይባችሁ ትነጫነጫላችሁ፤ እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ደርግ ጊዜ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ለትምህርት ወደ አንድ ሶሻሊስት አገር የሚላክ ሰው ተፈለገ። በውጤትም በአገልግሎትም ተራው የእኔ ነበር። አለቆቼም ነግረውኝ፣ እኔም ለዚያ አገር ብርድ ብዬ ወፍራም ካፖርት አሰፍቼ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን የሚሄደው ፈንታሁን ነው ተባለ። ፈንታሁን ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ በውይይት ክበብ ግን እጁን አንስቶ የሚውል ባልደረባዬ ነው። «በውጤት አንተ ትበልጣለህ፤ በፖለቲካ ንቃት ግን እሱ ይበልጣል» አሉኝ። እሱ ሄደ። ካፖርቱ ቀረ።

ተምሮ ሲመለስ በሌላ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እንደምን ነህ ወንድሜ!» ብሎ ትከሻዬን ይመታኛል እንጂ፣ ነገሩን አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ ንግግር አዘጋጀሁለት፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው። ጠዋት ጠዋት ጢሜን ስላጭ አጠናዋለሁ። የጎደለኝ አንድ ጸጥ ያለ ቦታ ብቻ ነበር።

ወደ ነዳጁ ወሬ ልመለስ። ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር ሐኪም የገዛኋት ኮምቢ የምትባል አሮጌ ማኪና ነበረችኝ። ውስጧ የሚዘረጋ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና የመስኮት መጋረጃ ስላላት የሰፈር ሰው «ባለ ጓዳዋ» ይላታል። ወርቅነሽን ሳገባት በዚህች ማኪና ሰሜን ተራራ ወስጃት እንደምናድር፣ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ ጭላዳ ዝንጀሮ ደጃፏ ላይ ሣር ሲነጭ እንደምታይ ቃል ገብቼላት ነበር። ወርቅነሽ የሆስፒታል ነርስ ናት። የነገሯትን አትረሳም።

በመጀመሪያው ዓመት ቤንዚን ተወደደና ሰሜን ወደ ደባርቅ አጠረ። በሚቀጥለው ኩፖን መጣና ደባርቅ ዳባት ሆነ። ቀጥሎ ኩፖኑ ራሱ ቀጠነና አምባ ጊዮርጊስ ደረስን። ደረስን ስላችሁ በወሬ ነው፤ ከግቢያችን አልወጣንም። ኮምቢዋ ከመቆሟ ብዛት የጎረቤት ዶሮ ሥሯ እንቁላል ትጥል ጀመር። አንድ ቀን ወርቅነሽ እንቁላሉን እየለቀመች፣ «በመጪው ዓመት ደግሞ ሽርሽራችን ፒያሳ ነው፤ ባንኩ በር ላይ አቁመህ ታሳድረኛለህ» አለችኝ።

ይህ ነገር አላስተኛኝም። አሰብኩ፣ አወጣሁ፣ አወረድኩ። ከጎንደር ወደ ኮሶዬ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ ወዳለችው አፋፍ፣ ዳገት ነው፤ ከኮሶዬ ጎንደር ግን ቁልቁለት። ስለዚህ ቤንዚን የሚያስፈልገው ለመውጣት ብቻ ነው። ሲመለሱ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ ፍሬን እየያዙ በማኪናዋ ክብደት መውረድ ነው፤ ሾፌሮች ፎሌ የሚሉት።

«መውጫው በቤንዚን፣ መውረጃው በእግዜር» አልኳት።

«ሰሜንስ?»

«ከኮሶዬ ሆነሽ ከሩቅ ታዪዋለሽ።»

«እንደ ደመወዝህ» አለችና ብርድ ልብሱን ልታዘጋጅ ገባች።

ቅዳሜ ከሰዓት ወጣን። ኮሶዬ ስንደርስ ከመንገዱ ወጣ ብለን አፋፉ ላይ ቆምን። አልጋ ስንዘረጋ አያ ቢራራ የሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ በቅሏቸውን እየሳቡ መጡና ማኪናዋን ዞረው ዞረው አዩዋት።

«ምነው ልጆቼ፣ ማኪናዋ ታመመች?»

«ደህና ናት አያ። እዚህ ልናድር ነው።»

«ቤት የላችሁም?»

«አለን፤ ጎንደር።»

በቅሏቸውን ዳበስ አደረጉ። «ብርድ ልትገዙ ነዋ ቤንዚን ያቃጠላችሁ! በሉ ሸጋ ነው። ከኔ ቤት ግን ብርዱ በነጻ ነው፤ ኑ ግቡ።»

ወርቅነሽ ከሳቋ ጋር እየታገለች አመስግና ሸኘቻቸው። ሌሊቱን አያ ቢራራ ልክ እንደነበሩ ጥርሳችን መሰከረ። ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ ተራሮቹ በማዶ ሰማያዊ ሆነው ይታዩ ነበር። ቆማ አየቻቸው።

«ሩቅ ነው» አለች። ዞራ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመረች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዕቃችንን ስንሸክፍ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል አንድ ሰው በእግሩ፣ ትከሻውን ሰብሮ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሲመጣ አየን። ፈንታሁን ነው! ከደባርቅ ስብሰባ ሲመለስ የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ነዳጅ ጨርሶ፣ ሾፌሩን ጠባቂ አድርጎ ትቶት መጥቷል። ስስ ካኪ ብቻ ነው የለበሰው።

«ወንድሜ! እግዜር ነው ያገናኘ... ማለቴ፣ አጋጣሚ ነው!» አለኝ።

ወርቅነሽ ታሪኩን አንድ በአንድ ታውቃለች። ነገር ግን ነርስ ናትና የሚንቀጠቀጥ ሰው ስታይ የማን ጠላት እንደሆነ አትጠይቅም። ካፖርቴን አውጥታ አለበሰችው። ልክክ አለበት። ካፖርቱ በመጨረሻ ተራውን የወሰደውን ሰው አገኘ።

የኮምቢዋ ሞተር ሲነሳ እንደ ወፍጮ ስለሚያጓራ ሰው ከሰው አያነጋግርም። ፎሌ ስትወርድ ግን ከነፋሱና ከጎማው ሹክሹክታ በቀር ምንም የለም። ለዓመታት የፈለግኩት ጸጥታ ይኸው መጣ፤ ሰውዬውም ከኋላዬ ተቀምጧል፤ መውረጃም የለውም። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ወርቅነሽ ቀደመችኝ። «ለመሆኑ ጓድ ፈንታሁን፣ እዚያ አገር የተማሩት ምን ነበር?»

«ካምፒንግ» አለ።

«ምን?»

«የካምፒንግ አደረጃጀት፤ እዚያ ስደርስ ነው የመደቡኝ። ሠራተኛው ሕዝብ እንደዚህች ባለች ማኪና ውስጥ እያደረ እንዴት እንደሚዝናና ነው።»

«አድረውበት ያውቃሉ ታዲያ?»

«ኧረ የት! በሥዕል ነው። አስተማሪያችንም በሥዕል ነው ያየው መሰለኝ። ተመርቄ ስመጣ ደግሞ አገሩ ላይ ቤንዚን የለም። አሁን ወረቀትና ካርቦን ነው የማስተዳድረው።» የተቀመጠበትን በእጁ ዳሰሰው። «ይኸ... ይዘረጋል?»

«ይዘረጋል። ሰሜን ወስዶ ሊያሳድረኝ ቃል የገባልኝ በዚህ ላይ ነው፤ ተኝተው ይዩት» ብላ ዘረጋችለት።

በመስታወቱ አየሁት። በካፖርቴ ተጠቅልሎ፣ በአልጋዬ ላይ ተንጋሎ፣ መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ ከደን ያደርጋል። የእኔ ንግግር «አንተ በእኔ ተራ ዓለምህን ስትቀጭ» ብሎ ነበር የሚጀምረው። መግቢያው ተበላሸ። እግሬ ፍሬኑ ላይ፣ ምላሴም ፍሬኑ ላይ ሆነው ወረድን።

ጎንደር ሊገባ ሲል አንዲት አጭር ዳገት አለች። ለእሷ ብዬ ያስቀረኋት ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ነበረች። ኮምቢዋ ዳገቱ ሥር ደርሳ ዘገየች፤ ቆመች። ሞተሩን አላስነሳሁም።

«ምን ሆነች?» አለ ፈንታሁን ከአልጋው ቀና ብሎ።

«ቤንዚን» አልኩ። ዋሸህ አትበሉኝ፤ ስሙን ብቻ ነው የጠራሁት።

ወርቅነሽ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ፈንታሁን ወረደና ትከሻውን ከኋላ ሰጠ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ገበሬዎችም ነጠላቸውን አጣፍተው አገዙት። «አይዞህ ጌታው! ሆ! በል!» ይሉታል። እኔ መሪ ይዤ ተቀምጫለሁ። በሕይወቴ መሪ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ዳገቱ ራስ ላይ ሲደርስ ላቡ በካፖርቱ አንገት ይወርዳል። ይስቃል። «ይኸን ሥዕሉ ላይ አላሳዩንም!» አለ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነውና በፎሌ ወርደን አራዳ፣ ቤቱ በር ላይ አወረድነው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ገባ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ መልእክተኛ የታጠፈ ካፖርትና ሙሉ ጀሪካን ይዞ መጣ። እኔ ጓዳ ፊቴን አረፋ ቀብቼ እላጫለሁ፤ ድምፁ ይሰማኛል። «ጓድ ፈንታሁን፣ ‹በቤንዚን እጦት ተቸግራችሁ ሳለ አሳፍራችሁኛልና ለሰሜን ይሁናችሁ› ብለዋል። ከገዛ ማኪናቸው የኩፖን ድርሻ ነው» ይላል። የእምቢታ ንግግሬን አሰናድቼ፣ አረፋዬን ጠርጌ ስወጣ መልእክተኛው ሄዷል። ወርቅነሽ ኮምቢዋ አጠገብ ቆማ የመጨረሻዋን ጠብታ ታንኩ ውስጥ ታራግፋለች።

«መልሺለት!»

«ታንክ የገባ ቤንዚን እንዴት ይመለሳል?»

«በጎማ ቱቦ፣ በአፍ ይሳባል።»

«ሳበዋ» አለችኝ። «ያን ሁሉ ዓመት ቂም ስትጠጣ ኖረህ ቤንዚን አይገድልህም።»

በዚያ ወር ፈንታሁንን ፒያሳ ላይ በእግሩ ሲሄድ አየሁት። ማኪናው ቤቱ በር ላይ አቧራ ለብሳ ቆማለች። እጁን አውለበለበልኝ። እኔም አውለበለብኩ፤ ምን ላድርግ።

ሰሜን ሄድን። በዚያ በጋ መንገዱ ሰላም ነበርና ኬላው ላይ ይለፋችንን አሳይተን፣ ከደባርቅ አልፈን፣ አፋፍ ላይ አደርን። ጠዋት ወርቅነሽ መጋረጃውን ገለጠች። ጭላዳዎቹ ጎፈራቸውን እየነፉ ሣሩን ይነጫሉ፤ ከእነሱ ወዲያ ምድር የለም፣ ገደልና ደመና ብቻ።

«ቅርብ ነው» አለች።

እኔ ካፖርቴን ለብሼ ከጎኗ ቆሜአለሁ። ሰው በሰጠህ ነዳጅ ተራራ ላይ ወጥተህ ያንኑ ሰው መርገም ይቻላል? ሞከርኩት። ይቻላል፤ ግን አይመችም።

ጀሪካኑ ባዶውን በራችን ጥግ ቀረ። ወርቅነሽ በጠረገች ቁጥር እያነሳች፣ «ምነው ወስደህ ብትመልስለት፤ በዚያው የምትለውን ትለዋለህ» ትለኛለች። እኔም ቤንዚን ሲረክስ ሞልቼ እወስድለታለሁ እላታለሁ። ይኸው ደርግም ሄደ፣ ኮምቢዋም ተሸጠች፣ ቤንዚን ግን አልረከሰም።

የፈንታሁን ቤት ዛሬም አራዳ ነው። ከእኛ በር ሲወጡ እስከ እሱ በር፣ ቁልቁለት ነው።