የስለቷ ፍየልና የኔ እግር

ባጃጅ ስትሳፈሩ የሹፌሩን እግር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማን ያያል! እኔ ከሚሴ ውስጥ ስነዳ ኖሬ፣ ዘንድሮ ፍሬን መርገጤን የማውቀው ባጃጁ ሲቆም ሆነ። ካልቆመ አልረገጥኩም ማለት ነው። ወላሂ፣ ቀልድ አይደለም። ሰው ሳልገጭ ተውኩት፣ አልሐምዱሊላህ። እንጀራዬም አብሮ ቆመ።

መጀመሪያ እግሬን ይወጋጋኝ ጀመር። ከዚያ ጥጥ የረገጥኩ መሰለኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ ጂን ነው አለ። እኔም አላህ እንዲያሽረኝ ያለችኝን አንዲት ፍየል ተሳልኩ፤ ለዱአ ትታረድ አልኩ። ስለት እኛ ዘንድ ወደኋላ የለውም። የተሳለው ሰውም ከሥጋው አይቀምስም።

ሐኪም ቤት የሄድኩት ከተሳልኩ በኋላ ነው። ጉድ እኮ ነው! ዶክተሯ ደሜን አስመርምራ ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለት አንሶሃል አለችኝ። ደም ያለሱ በወጉ አይሠራም፤ የነርቭን ሽፋን የሚጠብቀውም እሱ ነው አለች። የተላጠ ሽቦ ምን እንደሚያደርግማ ባጃጅ ነጂ አያጣውም። ከየት ይገኛል ብላት ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከሥጋ፣ በተለይ ከጉበት አለችኝ። ከእህልና ከጎመን አይገኝም። እኔ ደግሞ ከጨፋ ሮቢት ለሰው ወተትና እንቁላል ስጭን ውዬ ማታ ሽሮዬን ነው የምበላ! መርፌ ጻፈችልኝ፤ ቶሎ ጀምር፣ የተጎዳ ነርቭ ላይመለስ ይችላል አለች። መድኃኒት ቤቱ መርፌው አልቋል፣ ብቅ እያልክ ጠይቅ አለኝ። በየትኛው እግሬ?

ባለቤቴ ሀዋ አለቀሰች። የፍየሏን ጉበት ብላ፣ አላህ ያውቅልሃል አለችኝ። እምቢ አልኩ። ልቤ ግን ጉበቱ ላይ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

የዱአው ዕለት ቤቱ ሞላ። ጎረቤታችን ሸህ አሊ በምርኩዝ እየተጎተቱ ገቡና «አከም ጅርታ? አብሽር፣ ትነሳለህ!» አሉኝ። ጉበቷ ተጠብሳ በፊቴ አለፈች። ሽታው ደረሰኝ፤ ሽታ ደግሞ ነርቭ አይሠራም። እነሱ እየበሉ «ያ አላህ፣ እግሩን አበርታለት» ይላሉ፤ እኔ ሽሮዬን ይዤ አሚን እላለሁ። እንባዬ መጣ። ለእግሬ ይሁን ለጉበቱ እንጃ።

ሲጨርሱ መርቀውኝ ወጡ። ልሸኛቸው ብነሳ እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሸህ አሊ ከሁሉም ፊት ፊት ይሄዳሉ።

ዱአውስ ሰምሯል። ምርኩዛቸውን ረስተውት ሄደዋል፤ እሱን ተደግፌ ገባሁ።