በኦፔራው መሐል ወረቀቷን ያሳየችው ሴትዮ እኔ ነኝ

ዛሬ ሮም ውስጥ ኦፔራ የገባ ሰው ካጋጠማችሁና "ያቺ ቆማ የነበረችው ሴትዮ ማናት?" ካላችሁ፣ አትድከሙ።

እኔ ነኝ።

እንደምታውቁት የምሠራው ሲኞራ ኢዳ ቤት ነው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። አበስላለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ስለ ኦፔራ ሲያወሩ አዳምጣለሁ። ብዙ ሰዓት የሚወስደው የመጨረሻው ነው።

ለዛሬ ከሰዓቱ ኦፔራ ልጃቸው ይዛቸው ልትሄድ ነበር፤ ጉንፋን ጣላትና እኔ ተተካሁ። ሲኞራ የዚሁኑ ኦፔራ የድሮ ዝግጅት ፎቶ እያወጡ አዘጋጁኝ። ከግዛቷ የተባረረች ልዕልት ታሪክ ነው። ዘውድ አለ፣ የከፋይ ቀሚስ አለ፣ ፈረስ ሁሉ አለ። እኔም ያለኝን አንድ ደህና ቀሚስ ለበስኩ።

መጋረጃው ተከፈተ።

ዘውድ የለም። የፕላስቲክ ወንበር፣ ነጭ የኒዮን መብራት፣ የተራ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን። ልዕልቲቱ ፌስታል ይዛ ተሰልፋለች።

አሎራ፣ እንግዲህ ቦታውን አወቅኩት። ኩዌስቱራ ነው፤ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ ለማሳደስ የምንሰለፍበት ፖሊስ መሥሪያ ቤት። ባለፈው ወር ግማሽ ቀን ቆሜበታለሁ። የዘፈነልኝ ግን አልነበረም።

"ይሄ ጋራዥ ነው" አሉ ሲኞራ። "ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ።" ጨፈኑም።

እኔ መጨፈን አቃተኝ። ልጅቷ ቁጥሯን እያየች ስትዘፍን እኔም ቁጥሯ እስኪጠራ አብሬያት ጠበቅኩ።

ከዚያ ሁለተኛው ክፍል መጣ። የአዳራሹ መብራት በአንዴ ቦግ አለ። ከኋላችን ያሉት በሮች ተበረገዱ። ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ባትሪ እያበሩ በመተላለፊያው ወረዱ። "ዶኩሜንቲ! ዶኩሜንቲ!" ወረቀት አሳዩ ነው።

እዚህ ላይ ሳቃችሁን ያዙልኝ። ስደተኞች ተጠልለን ከነበረበት ከቪያ ኩርታቶኔው ሕንፃ ፖሊስ ካስወጣቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። የዚያን ቀን ጠዋትም በር ሲበረገድ ድምፁ እንዲሁ ነበር። ጭንቅላቴ "ትያትር ነው" እስኪለኝ እግሬ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር።

የአንዱ ባትሪ ፊቴ ላይ አረፈ።

ቦርሳዬን በረበርኩ። ሶፍት። የሲኞራ ክኒን። ቁልፍ። ወረቀቱ የለም።

እንደገና በረበርኩ።

ከክኒኑ ማሸጊያ ሥር ተጣጥፎ አገኘሁት። "ፔርሜሶዬ እድሳት ላይ ነው፤ የማመልከቻው ደረሰኝ ይኸው" አልኩ፣ በጣም በጥሩ ጣሊያንኛ። ኦርኬስትራው ደግሞ ልክ ያኔ ዝም ብሎ ነበር። ላይኛው ፎቅ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙኝ።

ተዋናዩ ደነገጠ። "ሲኞራ፣ ትያትር ነው፣ ይቀመጡ" አለኝ በሹክሹክታ። አልገባኝም። ወረቀቱን ወደ ደረቱ ገፋሁት።

ሲኞራ ኢዳ ዓይናቸውን የገለጡት ይሄኔ ነው። ያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው፣ ፊት ለፊቱ ወረቀት የዘረጋሁ እኔ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

"ከእኔ ጋር ናት። ዞር በል።"

ተዋናዩ ዞር አለ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። የዝግጅቱ አካል መስለናቸዋል።

በእረፍቱ ሰዓት መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ስካርፍ የጠመጠሙ አንድ ሰውዬ አስቆሙኝ። "ብራቪሲማ፣ ድንቅ ነሽ። ከየትኛው የትያትር ቡድን ነሽ?"

"ከሲኞራ ኢዳ ቤት" አልኳቸው።

ታክሲ ውስጥ ሲኞራ ሊያስተምሩኝ ጀመሩ። "አየሽ? በድሮው ዝግጅት ቢሆን ማንም ወረቀት አይጠይቅሽም ነበር።"

"በድሮው ዝግጅት ቢሆን እርስዎም አይነሡልኝም ነበር" አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ።

ሲኞራ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"መብራቱ ግን አስቀያሚ ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"ቫ ቤኔ፣ ይሁን" አልኩ። "መብራቱ አስቀያሚ ነበር።"

እንግዲህ ስቃችሁ ስትጨርሱ እውነቱን ንገሩኝ። እናንተ ብትሆኑ፣ ፖሊሱ የምሩን ይሁን የውሸቱን እስክታጣሩ ተቀምጣችሁ ትጠብቁ ነበር?