ክብርት እትዬ ደቂቃ
ሰዓት የሌለው ሰው ሞልቷል፤ የሰው ሰዓት የሚጠብቅ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ግን እስካሁን አልተሠራም። አምስት ደቂቃ ብታረፍዱ እናንተን ትቶ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ ሻይ ስትጠጡ ፉቱን የሚቆጥርባችሁ አንድ ሰው የትም አይጠፋም።

ሐኪሞች ባይፖላር የሚሉት፣ ስሜትን አንዴ ሰማይ አንዴ ጉድጓድ የሚያደርስ ሕመም ያለባቸው ስምንት ልጆች በሚኖሩበት ማሳደጊያ፣ ይህን ከባድ ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ደቂቃ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል።

አዲሷ ተንከባካቢ ሥራ በጀመረችበት ጠዋት «እንደምን አደሩ?» ብትላቸው፣ «እኔስ በሰዓቱ ነው ያደርኩት። አንቺ ግን ሦስት ደቂቃ ጨምረሽ አድረሻል» አሏት። ከዚያ ቤቱን እያዞሩ ሕጉን አስረዷት። ቁርስ አንድ ሰዓት ተኩል፤ መድኃኒት ከቁርስ በኋላ፤ ማታ መኝታ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከመኝታ በፊት ቴሌቪዥን የለም፣ ሩጫ የለም።

«ቀልድስ?» አለች ተንከባካቢዋ ለማሾፍ።

እትዬ ደቂቃ ከልባቸው አሰቡበት። «እስከ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈቀዳል።»

አንድ ቀን ኃላፊው ለእንግዶች ንግግር ሲያደርጉ፣ «ልጆች ማለት ለእኛ…» እንዳሉ እትዬ ደቂቃ ብድግ ብለው «ወተት!» አሉ። ስምንቱም ልጆች ተሰልፈው ወጡ። ልጆች ለኃላፊው ምን ማለት እንደሆኑ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሌላ ቀን ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ በእረፍት ሰዓት መጥቶ ብረት ማንኳኳት ቢጀምር፣ መፍቻውን ቀምተው ምንጣፍ ላይ አስተኙት። አንኮራፋ። በማግስቱ ምንም የተበላሸ ቧንቧ ሳይኖር በዚያችው ሰዓት ተመልሶ መጣ።

«እኒህ ሴትዮ ልጅ ነው የሚያሳድጉት ወይስ ባቡር ነው የሚነዱት?» ብላ አዲሷ ተንከባካቢ ምግብ አብሳዩን ጠየቀችው።

«ባቡርማ ይዘገያል» አላት።

ከልጆቹ አንዷ ሚጢጢ ትባላለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከኃላፊው ስለሚበልጥ ነው ሚጢጢ የተባለችው። አንድ ሰሞን ሚጢጢ ሞቅ አለች። ሳይነጋ ትነሳለች፣ ወሬዋ አይያዝም፣ የሳሎኑን መጋረጃ አውርዳ ለስምንቱም ልጅ ካባ መስፋት ጀመረች። አዲሷ ተንከባካቢ ፈነደቀች። «ተመስገን፣ ልጅቷ ደስ ብሏታል!»

እትዬ ደቂቃ ደብተራቸውን ገለጡ። «ሰኞ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ተኛች። ማክሰኞ ሰባት። ረቡዕ አምስት። ትናንት አራት። ልጄ፣ ደስታ እንቅልፍ አይበላም። አምና እንዲህ ሲጀምራት ሁላችንም አብረን ስናጨበጭብ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛች።»

እዚያው ቆመው ለሐኪሟ ደወሉ። ሐኪሟ በዚያው ቀን መጥታ መድኃኒቱን አስተካከለች። ሚጢጢ ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ መቀስ ወረወረች። ሆስፒታል ግን አልገባችም። አዲሷ ተንከባካቢ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ደቂቃ ቀድማ ትገባ ጀመር።

ከወር በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሚጢጢ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከአልጋ አልነሳ አለች። አዲሷ ተንከባካቢ ለመነች፣ አባበለች፤ የእትዬ ደቂቃን ኮቴ ስትሰማ ደግሞ ሰዓቷን አየች። አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። አሁን ጉድ ፈላ፣ አለች በልቧ።

እትዬ ደቂቃ ገቡ፣ ለሐኪሟ ደውለው የምትለውን ሰሙ፣ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና ጀርባቸውን ለአልጋው አስደገፉ።

ምግብ አብሳዩ ብቅ አለ። «እትዬ፣ ቁርሱ…»

«ይቀዝቅዝ።»

ምግብ አብሳዩ በሩን ይዞ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

ብዙ ቆይቶ ከብርድ ልብሱ ሥር ድምፅ መጣ። «ለምን ተነሽ አይሉኝም?»

«ብልሽ ትነሻለሽ?»

«አልነሳም።»

«ታዲያ ምን ያለፋኛል?»

ከዚያ ረጅም እጅ ወጣ፤ የእትዬ ደቂቃን ሻሽ ገፋ አደረገ። «ፀጉርዎ እርስ በርሱ የተጣላ ይመስላል።»

«አስታራቂ አጥቶ ነው።»

ሚጢጢ ተኝታ እንዳለች፣ በአንድ ዓይኗ እያየች ሠራቻቸው። ሲያልቅ ዘጠኝ ሹሩባ ወደ ዘጠኝ አቅጣጫ ቆሟል፤ አንዱ ቀጥታ ወደ ጣሪያው ያመለክታል። ከሰዓት በኋላ የሠራተኞች ስብሰባ ነበር። እትዬ ደቂቃ እንደ ዘውድ ተሸክመውት ገብተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኃላፊው አፋቸውን ከፈቱ።

«ምነው?» አሉ እትዬ ደቂቃ።

«ኧረ ምንም» አሉ ኃላፊው።

አዲሷ ተንከባካቢ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ አፏን በፎጣ አፍና ሳቀች። ሳቁ አለቀ፤ እንባው ግን እምቢ አለ።

ሕመም በሹሩባ አይድንም። ሚጢጢ ሌላ ሁለት ሳምንት ተኝታ ከረመች፤ መድኃኒቷን ዋጠች፣ ሐኪሟ ተመላለሰች። እትዬ ደቂቃ ፀጉሩን ሳይፈቱ አራት ቀን ዋሉ አደሩ። በአምስተኛው ቀን አዲሷ ተንከባካቢ ፀጉሯን ፈታ ለመሠራት ብትመጣ፣ አልጋው አጠገብ ሰው ቀድሟታል። ራሰ በራው ምግብ አብሳይ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«እርስዎን ደግሞ ምን ላድርግዎት?» አለች ሚጢጢ።

«እንዳመቸሽ» አለ።

ሚጢጢ ተነስታ ተቀመጠች። ጭንቅላቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ መረመረችው፣ በጣቷ አንዴ ኳ አደረገችው፤ ከዚያ በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ ፍርስ ብሎ ወጣ።