እማዬ በወንበር ተጭና ወደ ስፖርት

የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው መጀመሪያ እልል ይላል። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ የሚጠይቀው እልልታው ካለቀ በኋላ ነው። ለእኛ የደረሰን ላፍቶ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ያኔ የእማዬ ጉልበት ብረት ስለነበረ «ለእግዜር ቀረብ ማለት ምን ይጎዳል?» ብላ ሳቀች።

አምና ታመመች። የልብ ድካም ነው አሉን። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ እንዲህ የተባለች እናት ያለችው ሰው ምን ያደርጋል? ያሳርፋታላ! ውሃ ልቅዳ ስትል ብርጭቆውን እነጥቃታለሁ። ሽንኩርት ልላጥ ስትል ቢላውን እደብቃለሁ። እኔ ሥራ ሥራ ስል በከረምኩባቸው ዓመታት ያንን ሁሉ ደረጃ ዘንቢል ይዛ የምትወጣው እሷ ነበረች። ይቆጠቁጠኛል። ጸጸት ደግሞ ክፉ አስታማሚ ነው። ጠያቂውም አላገዘኝም። ተቀምጣ ካገኛት ይቆጣኛል፣ ተኝታ ካገኛት ይመርቀኛል።

ሐኪም ቤት የምንሄድ ቀን የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ሦስት ጎረቤት ያስተባብራል። አራት ሆነው እማዬን ከነወንበሯ አንስተው ያወርዷታል። እሷ ዓይኗን ጨፍና «ሳልሞት ቃሬዛ!» ትላለች። ጋሽ ደምሴ ደግሞ «ዝም በይ እትዬ አስካለ፤ ንግሥት በምን ነበር የምትሄደው?» ይላታል። እሷ ግን ንግሥትነቱን አልፈለገችውም። ሐኪሙንም የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእግሬ ወርጄ በእግሬ የምወጣበት ቀን ይመጣል ወይ?

ይመጣል፣ ግን ስፖርት መጀመር አለብዎት አላት። ስፖርት! ለልብ ሕሙማን ተብሎ፣ ባለሙያ እያያቸው ቀስ በቀስ የሚሠሩት እንቅስቃሴ አለ አለን። ችግሩ የሚሰጥበት ቦታ ነው፤ ከተማውን አቋርጦ ማዶ፣ ያውም በሳምንት ሁለቴ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከላፍቶ ተነስቶ ታክሲ እየቀያየረ፣ በየግፊያው መቀመጫ እያገኘ እዚያ የደረሰ ሰው ስፖርቱ አያስፈልገውም።

ደግነቱ ከተሸካሚዎቹ አንዱ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ለአንድ ቀን ሥራውን ትቶ፣ ሌሎቹን ተሸካሚዎችም አሳፍሮ ወሰደን። በሩ ላይ ደረጃ ስለነበረ አራቱም እማዬን ከነወንበሯ ይዘዋት ገቡ። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። አራት ሰው በላብ ተጠምቆ ሲገባ አየችና «ስፖርት የምትሠሩት የትኞቻችሁ ናችሁ?» አለች። ጋሽ ደምሴ ትንፋሽ ስላጠረው በአገጩ ወደ እማዬ ጠቆመ።

«እማማ፣ እነሱ ሠርተውልዎት መጡ እኮ!»

እማዬ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ባለሙያዋ የደም ግፊቷን ለካች፣ አስነሳች፣ ኮሪደሩ ላይ አስኬደች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቤት ውስጥ ምን ምን ትሠራለች አለችኝ። በኩራት «ምንም!» አልኳት። እግሯን ያዛለው በሽታው ብቻ ሳይሆን አልጋውም ነው አለችኝ፤ በጨዋ አነጋገር። በጨዋ አነጋገር ሲሆን ይብሳል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ርቀታችንን ስትሰማ ቀጠሮውን አራራቀችልን፣ በመሃሉ ቤት የምትሠራውንም አሳየቻት። ካዞራት፣ ደረቷን ከያዛት ወይም እግሯ ካበጠ ወደ ሐኪም። በቀረው ሕጉ ቀላል ነው፤ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ደህና፣ ማውራት ካቃተዎት ቁጭ ይበሉ። ለእማዬ! እማዬ እኮ መርፌ ስትወጋም የምታወራ ሰው ናት።

ከሳሎን ተጀመረ፣ ወደ ኮሪደር ወጣ፣ ባለሙያዋ ስትፈቅድ ደግሞ ወደ ደረጃው። ጎረቤት በየፎቁ ማረፊያ ወንበር አወጣላት። ይኼኔ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ወንበር ካለ ወሬ አለ፣ ወሬ ካለ እማዬ አትነሳም። አንደኛ ፎቅ ያለችው ብርቄ ደግሞ ቆሎ ይዛ ትወጣለች። እማዬ ጨው ተከልክላለች ስላት ቅንጣት እንዳልነሰነሰችበት በልጆቿ ትምላለች። አንድ ቀን ታዲያ እማዬ ደረጃውን ስትወጣ አይታ «ልጅ እያለሽ? በእግርሽ?» ብላ ዓይኗን እኔ ላይ አጉረጠረጠች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማዬ ግን «ልጄማ አላስነሳ ብላኝ ነበር፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ» ብላ ገላገለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ በእግሯ ወረደች። አብረን አስቤዛ ገዛንና ተመለስን። ዘንቢሉን እኔ ያዝኩ። አንደኛ ፎቅ አረፍ አለች፣ ሁለተኛም አረፍ አለች፤ ወሬዋ ግን አላረፈም። እኔ የምመልሰው «እህ» ብቻ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ እሱም አለቀብኝ። እማዬ ትንሽ አርፋ ስትነሳ፣ በተራዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ወዲያው ከላይ የቤታችን በር ሲከፈት ሰማሁ። በእግሯ ወርዳ፣ በእግሯ ወጣች! ዕንባዬ መጣ። ልጠራት ብል ድምፅ የለኝም።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም አልሽ? ማውራት አቃተሽ? በይ ንቅንቅ እንዳትዪ!» አለች እማዬ ከላይ። ቀጥላም ብሎኩን በሙሉ በሚያሰማ ድምፅ «ደምሴ! ሰዎቹን ሰብስብና ልጄን አውጡልኝ!»

ጋሽ ደምሴ ከምድር ቤት አንገቱን አወጣ።

«ኧረ ተይ እትዬ አስካለ! አንቺን አራት ሆነን በመከራ ነው። ለእሷ ከሌላ ብሎክ ሰው እንጨምር እንዴ?»