አባ ዝምታ ከደረጃው ሥር በገዛ ኃይሉ ስለ መውጣቱ

በዘመነ አንድ ኩባያ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አልፎ መንገዱ በደረቀበት ወራት፣ የሦስተኛው ፎቅ እመቤት፣ እግራቸው ሳይረጥብ ወንዞችን በጠመኔ ያፈሰሱ፣ ተራሮችን በሰሌዳ ላይ አቁመው ደወል ሲደወል በዳስተር የናዱ፣ መምህርተ አህጉር ወውቅያኖስ፣ ተማሪዎቻቸው ባወጡላቸው ስም እትዬ ካርታ የተባሉት፣ ያደረጉትን ታላቅ ሥራ፣ ማንም ሳይጨምርበት ማንም ሳይቀንስበት፣ እነሆ እንጽፋለን።

ስለ ዘመኑ አቆጣጠር ላልሰማ እንናገር። የፊተኛው ዘመን ዘመነ ሁለት ኩባያ ይባላል፤ ባለቤታቸው ጋሼ፣ መጻሕፍት ጠራዡ፣ በሕይወት ሳሉ ጠዋት ጠዋት ከመደርደሪያው ሁለት ኩባያ ይወርድ ነበርና። የኋለኛው ዘመን ዘመነ አንድ ኩባያ ነው። ከዚህ በላይ ታሪክ አይናገርም።

ወእምዝ፣ በፊተኛው ዘመን ፍጻሜ፣ ጋሼ ጉልበታቸው በከዳቸው ጊዜ የገዙት፣ ባለ አራት ጎማ፣ ባለ አንድ መቀመጫ፣ ከፊቱ ቅርጫት የተሰቀለለት ትንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪ ነበረ፤ እርሱም እንደ ጥንት መኳንንት ፈረስ ስም ወጥቶለት አባ ዝምታ ተባለ፤ ሲሄድ ድምፅ የለውምና፣ ሳያስቡት ከኋላቸው የደረሰባቸው የሰፈሩ ድመቶች እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም። ማደሪያው ከደረጃው ሥር ነበረ። እትዬ ካርታ አንድም ቀን ተቀምጠውበት አያውቁም፤ ነገር ግን ጋሼ ያደርጉ እንደ ነበረው ቅዳሜ ቅዳሜ ቻርጀሩን ይሰኩለት፣ መሪውንና ቅርጫቱንም ይወለውሉለት ነበር። መቀመጫውን ግን፣ የጋሼ ክብደት የተወውን ስርጉድ፣ በጨርቅ አይነኩትም ነበር።

በዚያም ዓመት የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ማኅተም በኪሳቸው፣ ፊሽካ በአንገታቸው፣ ከወንበር ሲነሡ ያያቸው ሰው ጥቂት የሆነ፣ ከደረጃው ሥር ያለውን ቦታ ለጠረጴዛቸው ተመኙት፤ ተመኝተውም አልቀሩ፣ በአንደኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ነዋሪ ሆይ ስማ! ከደረጃ ሥር ያለ ማንኛውም ነገር ቅዳሜ ቀትር ላይ በገዛ ኃይሉ ንቅንቅ ካላለ ለቁራሌው ነው! ኋላ ማንም መጥቶ እንዳያለቅስብኝ!»

ይህንንም የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ፣ የስፌት መኪና ጩኸትን በልጣ ለመሰማት ስትል ዕድሜዋን ሙሉ ጉሮሮዋን ያሠለጠነች፣ ያለ ሹመት ያለ ደመወዝ የሕንፃው አፈ ንጉሥ የሆነች፣ እስከ ላይኛው ፎቅ አደረሰችው፦

«የሰማ ላልሰማ ያሰማ፣ የማይሰማ ጆሮውን ያስመርምር! ቅዳሜ የማይንቀሳቀስ ይጣላል! እናንተ ሴቶች፣ ባሎቻችሁን ከሶፋው አስነሡ!»

እትዬ ካርታ አዋጁን ሰምተው አልደነገጡም፤ አባ ዝምታ ጤነኛ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። ወርደው ቁልፉን ቢያዞሩት ግን መብራት የለም፤ ደግመው ቢያዞሩት እንኳን መብራት ትንፋሽም የለም። ቻርጀሩን ቢሰኩት፣ ልማዱ ቀይ አብርቶ፣ ቀስ ብሎ በልቶ፣ ጠግቦ አረንጓዴ ማሳየት የነበረው መብራት፣ ገና ከመሰካቱ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ እትዬ ካርታ በደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ቁራሌው ብረት ሲጭን የሚያሰማው ድምፅም በጆሯቸው መጣ።

ወበውእቱ ጊዜ የጋሼ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳቸው፣ በሁሉ ነገር ምክር የማያጣ፣ በእጁ ግን አምፖል እንኳ ለውጦ የማያውቅ፣ ከየት መጣ ሳይባል ደርሶ መብራቱን አየና በእርግጠኝነት አወጀ፦

«አረንጓዴ ማለት ጠግቧል ማለት ነው፣ አለቀ! ባትሪው ሙሉ ነው፤ የሞተው ሞተሩ ነው! እትዬ፣ ይብቃዎት፤ የሞተ ነገር ታቅፎ አይኖርም!»

ይህን ብሎ እንደ ጨረሰ ምን እንዳለ ራሱ ሰማው፤ ማሳልም ጀመረ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም አልተወውም። እትዬ ካርታ ግን ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉና፣ ሠላሳ ዓመት የኋላ ወንበር ተማሪዎችን ባስደነገጠው ድምፅ አወጁ፦

«ሳይበላ የሚያገሳ እንግዳ ወይ ታሟል ወይ ዋሽቷል! ሞተሩን ማንም እንዳይነካ! ምርመራው ከግድግዳው ይጀምር!»

ስለዚህ በመጀመሪያ ግድግዳው ተመረመረ፤ የልብስ ሰፊዋ ካውያ ከደረጃው ሥር ካለው ሶኬት ተሰክቶ ወዲያው ስለ ጋለ፣ ሶኬቱ በነጻ ተሰናበተ። ይህም አልበቃ ብሎ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት ማራዘሚያ ገመድ፣ ምሽግ እንደሚሰብር ሠራዊት ገመድ፣ ተንጠልጥሎ ወረደ፤ በመንገዱም ከሁለተኛው ፎቅ የተሰጣ አንሶላ ማረከ። መብራቱ አሁንም አረንጓዴ ነው። ቀጥሎ የቻርጀሩ ፊውዝ ወጥቶ ወደ ብርሃን ተያዘ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነው ሽቦው አልተበጠሰም። የገመዱ ጫፍ ተጠረገ፣ እንደገና ተሰካ፤ አረንጓዴ። ግድግዳው ንጹሕ፣ ገመዱ ንጹሕ፣ ፊውዙ ንጹሕ ከሆነ፣ በደሉ ከመቀመጫው በታች፣ ከሁለቱ ባትሪዎች ዘንድ ነው ተብሎ ተፈረደ።

ባትሪዎቹን ብቻ ፈትቶ ከቁልቁለቱ ግርጌ ወዳለው ባትሪ ሻጭ መውሰድ ይቻል እንደ ነበረ ታሪክ አይሰውርም። ነገር ግን ዋርሳው ስለ ቀደመው ንግግሩ ሊክስ ፈልጎ፦

«ሐኪም ታማሚውን ሙሉውን ያያል እንጂ ጉበቱ በፌስታል አይላክለትም! ጋሪው ራሱ ይሂድ!» ብሎ ስላወጀ፣ ሕዝቡም ስለ ተስማማ፣ ዘመቻው ተጀመረ።

ገፉት፤ ወይ ፍንክች። ይህ ዓይነቱ ጋሪ ኃይል ሲያጣ ፍሬኑ ራሱን እንደሚቆልፍ ማንም አላወቀምና፣ በሸክም አነሡት። ከሸካሚዎቹም ስም የተገባቸው እነዚህ ናቸው፦ በፊት ቀኝ ዋርሳው፣ ትእዛዝ በመስጠት ስለ ተጠመደ በአንድ እጁ ብቻ የያዘ፤ በፊት ግራ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር፣ በየመታጠፊያው በአፋቸው ጥሩምባ የሚነፉ፤ በኋላ ቀኝ ፀጉር አስተካካዩ፣ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛውን ወንበር ላይ ትቶ የመጣ፤ በኋላ ግራ ያው ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛ፣ ፀጉር አስተካካዩን ከዓይኑ ላለማጣት የተከተለ። ከፊት ልብስ ሰፊዋ መንገድ ስታስለቅቅ፣ ከኋላ እትዬ ካርታ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ከሁሉም ኋላ ሁለተኛው ፎቅ አንሶላውን ሲጠይቅ፣ እንዲህ ባለ ግርማ ወጡ።

ከዳቦ ቤቱ ማዕዘን ሲደርሱ የጀግኖቹ ክንድ ዛለና ጋሪውን አወረዱት። ያን ጊዜ ለእትዬ ካርታ አንድ ነገር ታወሳቸው፤ ጋሼ ጋሪውን ከደረጃው ሥር በእጃቸው ለማስገባት ሲፈልጉ፣ ጎንበስ ብለው ከኋላ ጎማው ጀርባ አንድ ነገር ይነኩ ነበር። ጎንበስ ብለው ዳበሱ፤ ቀይ ማንሻ አገኙ፤ ወደ ታች ተጫኑት። ፍሬኑም ለቀቀ። መንገዱ ቁልቁለት ነበረና አባ ዝምታ ያለ ነጂ፣ ያለ ባትሪ፣ ያለ ድምፅ ገሰገሰ፤ ሸካሚዎቹ ከሸካሚነት ወደ አሳዳጅነት ተሻሩ፤ ግማሽ ጢሙ የተላጨውም እየሮጠ፦

«ጋሪው የራሱ ጉዳይ! ፀጉር አስተካካዬን ያዙልኝ!» እያለ አወጀ።

ጋሪው ግን ከባትሪ ሻጩ በር ላይ ከተቆለለው አሮጌ ጎማ ገብቶ ለስለስ ብሎ ቆመ። ባትሪ ሻጩም፣ እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ፣ ታማሚ በራሱ እግር ሲመጣለት አይቶ የማያውቅ፣ መቀመጫውን ከፍቶ በቴስተሩ ለካና ለተሰበሰበው ሁሉ አወጀ፦

«የቀኙ ጤነኛ ነው! የግራው ሆዱ ውስጥ ተበጥሶ ሞቷል! ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲበጠስ መንገዱ ይዘጋል፤ ቻርጀሩ የሚያበላው ሲያጣ ጊዜ ጠግቧል ብሎ ነው አረንጓዴ ያበራው! ሕጉ ደግሞ ይህ ነው፤ ጥንድ አብሮ ይገባል፣ አብሮ ይወጣል! አሮጌ ከአዲስ ጋር አይጠመድም! አንዱ ከሞተ፣ የቀረው ብቻውን ምንም አይጎትት፤ አብሮ ይጣላል!»

 የአውቶቡስ ሾፌሩ ጥሩምባ በአፋቸው ቀረ። ዋርሳው ሊያስል ፈልጎ ሳሉ እምቢ አለው። ባትሪ ሻጩ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ እጁን በሱሪው ጠረገ። እትዬ ካርታ ጃንጥላቸውን አጠፉ፤ መልሰው ዘረጉት። ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«ሕጉን ተቀብያለሁ። ለጋሪው ሁለት አዲስ፣ አንድ ዓይነት፣ እኩያሞች ይግቡለት። የሞተው እዚህ ይቅር። የቀረው ግን ከእኔ ጋር ይመለሳል።»

ባትሪ ሻጩ አሮጌ ሲያስቀር እንጂ ሲመልስ ልማዱ አልነበረምና፦ «እናቴ፣ ብቻውን ምን ሊሠራ!» ብሎ ለአደባባዩ ጮኸ።

«የሚችለውን!» ሆነ መልሱ፤ ከዚያም በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አዋጅ አልወጣም።

አዲሶቹ ጥንዶች ገቡ፤ ጋሪው ዳገቱን እየተገፋ ወጣ፤ የቀረውም በፊተኛው ቅርጫት፣ ነጠላ ተሸፍኖ፣ እንደ ተመራቂ ተቀምጦ ተመለሰ። ከደረጃው ሥር ቻርጀሩ በተሰካ ጊዜ ቀይ በራ። ልብስ ሰፊዋ ደስታዋን መያዝ አቅቷት «ቀይ በራ! ቀይ በራ!» ብላ ብትጮህ፣ የአምስተኛው ፎቅ ሰው ባልዲ ውኃ ይዞ ሲወርድ ደረሰና፣ «እሳት አይደለም! እየበላ ነው!» የሚል ማስተካከያ ከመታወጁ በፊት ግማሹን በዋርሳው ላይ ደፍቶት ነበር። ቀዩም በጊዜው አረንጓዴ ሆነ፤ ይህኛው በልቶ ያገሳ አረንጓዴ ነበር።

በይእቲ በተቀጠረችው ዕለት፣ ማለትም ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሊቀመንበሩ ፊሽካቸውን ይዘው ከጋሪው ፊት ለፊት ወንበራቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ፤ ከደጁም ቁራሌው ከነሚዛኑ ቆመ። ሕዝቡ ደረጃውን ሞላ። እትዬ ካርታ ወረዱ። በመቀመጫው ፊት ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ ተቀመጡ። ስርጉዱ ከእርሳቸው ይሰፋ ነበር።

ቁልፉን አዞሩ፤ መብራቱ በራ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። መንጃውን ጫኑ፤ ጋሪው አልተንቀሳቀሰም። ደግመው ጫኑ። ምንም። ዋርሳው «አላልኩም? ሞተሩ ነው!» ብሎ አወጀ፤ ቁራሌው ሚዛኑን አስተካከለ፤ ሊቀመንበሩ ፊሽካቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

እትዬ ካርታ በግራ እጃቸው የመሪውን ጫፍ ያዙ። ቀኝ እጃቸው ግን፣ ያልታዘዘ፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ፣ ወደ ኋላ ወርዶ ከጎማው ጀርባ ገባ። ቀዩ ማንሻ ከዳቦ ቤቱ ማዕዘን ጀምሮ እንደ ተጫነ ነበር፤ ሲገፋ የሚያስኬደው ያው ማንሻ፣ ሲነዳ ሞተሩን ከጎማው ይለያል። ወደ ላይ መለሱት፤ ቀጭ አለ። ቁልፉን አጥፍተው አበሩ።

አሁን አንድ ነገር ይቀራል፤ በመሪው መካከል ፍጥነት የሚመርጥ ትንሽ ክብ አለ፣ በአንድ ጎኑ ኤሊ በሌላው ጥንቸል የተሳለበት። ያን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ለበዓሉ እወለውላለሁ ብላ ስታሸው ሙሉ በሙሉ ወደ ጥንቸሉ አዙራው ነበር። እትዬ ካርታ መንጃውን በጫኑ ጊዜ አባ ዝምታ የተጠራቀመውን ዝምታ ሁሉ በአንድ ጊዜ አራግፎ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ወንበሩ ተገለበጠ፤ ሊቀመንበሩም፣ ዘመናቸውን ሙሉ ሲሮጡ ያልታዩት፣ ፊሽካቸውን ሳይፈልጉ እየነፉ፣ ከሦስተኛው ደረጃ ላይ በሁለት እግራቸው ተገኙ። ያን ጊዜ አፈ ንጉሧ፦

«ሕዝብ ሆይ ምስክር ሁን! ሊቀመንበሩም በገዛ ኃይላቸው ተንቀሳቅሰዋል! ለቁራሌው አይሰጡም!» ስትል አወጀች፤ ሕንፃውም እስከ ጣራው ሳቀ።

እትዬ ካርታ ግቢውን ዞሩ፤ በሩን ወጡ፤ እስከ ዳቦ ቤቱ ማዕዘን ሄደው፣ ጥንቸሉን ወደ ኤሊ መልሰው፣ በቀስታ ተመለሱ። ፊታቸውን ያየ ብዙ ነበረ፤ ያየውን የተናገረ ግን የለም። ቁራሌው ሚዛኑን አጠፈ። ሊቀመንበሩ ግን ሽንፈትን ባዶ እጃቸውን ላለመዋጥ፣ ከቆሙበት ደረጃ ላይ ሆነው፦ «ይሁን፣ ይቀመጥ! ነገር ግን እዚህ ጨለማ ነው፤ ሰው ተደናቅፎ ቢወድቅ ጠያቂው ማነው!» ሲሉ የመጨረሻ አዋጃቸውን አወጡ።

ወእምድኅረ ዝንቱ እትዬ ካርታ የቀረውን ባትሪ አወጡ። የአውቶቡስ ሾፌሩ ከአሮጌ አውቶቡስ የተረፈ ትንሽ አምፖልና ለአንድ ባትሪ የሚበቃ ቻርጀር አመጡ፤ ሽቦ ተዘረጋ፤ ከደረጃው ሥር፣ ሰው እግሩን የማያይበት በነበረው ስፍራ፣ ብርሃን ሆነ።

ስለዚህ ታላቅ ናቸው፣ ታላቅም ይባሉ፣ ግድግዳን ከጥርጣሬ ያነጹ፣ ሐሰተኛውን አረንጓዴ ያጋለጡ፣ ቁራሌውን ባዶ ሚዛኑን የመለሱ፣ የማይነሣውን ያስነሡ፣ መምህርተ አህጉር ወውቅያኖስ እትዬ ካርታ! ዘመናቸው ይርዘም፤ እርሱም ዘመነ አንድ ኩባያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወርደው በመጀመሪያ ጥንዶቹን፣ ቀጥሎም ብቻውን ያለውን ያበላሉ። ምንም አይጎትትም የተባለው ያ ባትሪ፣ በእርግጥም ምንም አይጎትትም፤ ነገር ግን ከዚያች ቀን ወዲህ በዚያ ደረጃ ላይ የተደናቀፈ የለም።