የግራዝማች ሀብቱ ጠባሳ

ባንዲራ በተቀየረ ቁጥር የድሮ ውትድርናው አብሮ የሚቀየር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አስመራ ውስጥ ግራዝማች ሀብቱን አውቃለሁ። ሰው የጣሊያን አስካሪ፣ ማለት ቅጥር ወታደር፣ ነበሩ እያለ ያማቸዋል፤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች ወዲህ ግን እሳቸው አርበኛ ናቸው።

ለፓርላማ ሲወዳደሩ እዳጋ ሓሙስ ወዳለው ሻሂ ቤታችን መጡና ሱሪያቸውን ጠቅልለው ባታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩን።

«ይኸውላችሁ! ማይጨው ላይ ለንጉሤ የፈሰሰ ደም ነው።»

ጥግ ይዘው የተቀመጡት አዛውንት፣ አቦይ ገብሩ፣ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ግራዝማች፣ ጥይቱ የመጣው ከየትኛው ወገን ነበር?»

መቼም ከዚህ የባሰ ምርመራ ከየት ይመጣል? ግራዝማች ግን ሱሪያቸውን እንኳ አላወረዱም።

«አቦይ ገብሩ፣ ያን ቀን አዝለው ያወጡኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? እስቲ ይንገሯቸው።»

አቦይ ገብሩ ስኳሩ የሟሟ ሻሂያቸውን እንደገና አማሰሉ።

«እንጃ... አቧራ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«እወ፣ አቧራስ ነበር!» አሉ በየጠረጴዛው ያሉት ሽማግሌዎች በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ።

ግራዝማች ተመረጡ። መመረጣቸውስ ይሁን። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ ያን አቧራ በየት በኩል ቆሞ እንዳየው ነው።