ልጄ ስትለመን እኔ አሸንዳ ሥር

ሰው ፀጉሩ ሲሸብትና ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን መጥረግ ሲጀምር፣ ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ፈት አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚያ ወዲያ ማዕረጉ ኮሚቴ መሆን ነው። እኔም የበርና የመስኮት ብየዳ ቤቴን ለወንዱ ልጄ ለቅቄ ሀና ማርያም አርፌ ልቀመጥ ባልኩ በዓመቱ የእድር ዳኛ፣ የመንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የጥበቃ ተቆጣጣሪ፣ የቦይ አስጠራጊ ሆንኩ። የቀሩትን ልተዋቸው፤ በድምሩ ሰባት ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ለክቶ የቆረጠ ሰው ሳይቆጥር አይተኛም። ከሰባቱ ውስጥ የራሴ ቤት እንደሌለበት ግን የቆጠረችልኝ ባለቤቴ ሙሉነሽ ናት። “እዚህ ቤት ስብሰባ ብንጠራ ትመጣ ይሆን?” ትለኛለች። ስቄ አልፋታለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከመሳቅ ሌላ ምን ይመልሰዋል?

አንድ እሁድ ታናሿን ልጃችንን ሕይወትን ሽማግሌዎች ሊጠይቁ እንደሚመጡ ተነገረን። ልጁን እናውቀዋለን፣ ጨዋ ነው፤ ሕይወትም ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይበራል። ሙሉነሽ ከማለዳው ጀምራ “ዛሬ ከግቢ እንዳትወጣ” ስትል አረፈደች። እኔስ መች ወጣሁ? የወጣሁት ተጠርቼ ነው።

ደረጀ የሚባል ባለሱቅ አዲስ ጣሪያ አስመትቶ፣ አሸንዳው የዝናቡን ውኃ ወደ ጎረቤቱ ወደ ባለባጃጁ ፈቃዱ ግቢ ይደፋዋል። ሁለቱ ከክረምት ጀምሮ ሰላምታ የላቸውም። ያን ዕለት “ጋሽ ተካ፣ ሊደባደቡ ነው፣ ይድረሱ!” ተባልኩ። ለግማሽ ሰዓት ነው ብዬ ሄድኩ። ይህች ግማሽ ሰዓት የምትባል ነገር ስንት ቤት አፍርሳለች!

ደረስኩ፤ ጋቢዬን አስተካከልኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሁለቱንም ከመጀመሪያው አስነገርኩ፣ ደግሞ አስነገርኩ። ከዚያ ጎረቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። ንግግሬ መሐሉ ላይ ደርሶ ሲያምር ስልኬ ጮኸ። ሙሉነሽ ናት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋለች። ሙሉነሽ ስትጮህ ችግር የለም፤ ዝቅ ስትል ነው መፍራት።

ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። ቁጭ በሉ ብትላቸው፣ እንደ ደንቡ፣ አባትየው ሳይሰማን አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። አንደኛው ጉልበታቸውን እያሹ ነው። “አባት ከቤት ከጠፋ እምቢታ ነው ተባብለዋል፤ ሊሄዱ ነው። ልጅህ ጓዳ ገብታ ታለቅስልሃለች” አለችና ዘጋችው።

“ቤቴ ሽማግሌ ቆሟል” ብዬ ብድግ አልኩ። ደረጀ “ኧረ ጋሼ፣ ፍርዱስ?” አለ። “ምን ፍርድ አለው! ጫፉን ቆርጠህ ወደ መንገዱ ቦይ አዙረው!” አልኩት። ሁለቱም አዩኝ። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ከክረምት ጀምሮ ትሰበስበናለህ የሚል ዓይን ነበር። እውነታቸውን ነው።

ፈቃዱ ባጃጁን አስነሳ፤ ደረጀ ሳይጠራ አጠገቤ ገባ። መንገዱ ተቆፍሯል፤ በቀረችው ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ አንድ ሲኖትራክ አሸዋ ሊያራግፍ ተጋርጧል። ደረጀ ዘሎ ወርዶ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ሾፌሩን እየተሳደበ መኪናውን ወደ ኋላ አስመለሰው። ፈቃዱ “ደሬ፣ አንተ እኮ አውሬ ነህ!” አለው። ከክረምት ወዲህ በደግ ያነጋገረው ገና ያን ጊዜ ነው። እኔ በስብሰባ ያላስታረቅኳቸውን አንድ አሸዋ ጫኝ አስታረቃቸው።

ስደርስ ሽማግሌዎቹ የውጭውን በር ከፍተው እየወጡ ነው። ከባጃጅ ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩባቸው። “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተመለሱ” ብዬ አስገባኋቸው። ጉልበታቸውን የሚያሹት አዛውንት አሁንም አልቀመጥ ብለው “እኛ እንግዲህ ደጅ ልንጠና፣ ቤታችሁን ቤታችን ልናደርግ…” ብለው ረጅሙን ንግግር ጀመሩ። እኔ ያን ንግግር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስንት ደጅ ቆሜ ብዬዋለሁ። አቋረጥኳቸውና ሕይወትን ጠራሁ። ዓይኗ ቀልቷል። “ትፈልጊዋለሽ?” አልኳት። ጥያቄው ሳያልቅ “አዎ፣ አባዬ” አለች።

“ሰጥቻለሁ። ይቀመጡ” አልኩ።

አዛውንቱ ደነገጡ። “ምነው ጌታዬ! እኛ እኮ ገና አልለመንንም! እርስዎ ‘ዘመድ እንማከር’ ይሉናል፣ ተመልሰን እንመጣለን፣ አሁንም ይቀጥሩናል፤ ሦስት እሁድ ይዘን ነው የመጣነው” አሉ። የተቀማ ሰው ቅሬታ ነበር። “የቀሩትን ሁለቱን መልሼላችኋለሁ፤ ለልጅ ልጆቻችሁ አድርጓቸው” አልኳቸው። ሙሉነሽ ከጓዳ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከበር ላይ ደረጀና ፈቃዱ እኩል ተቀበሏት። እንዲህ ያለ ድል በሰባቱም ኮሚቴ አይቼ አላውቅም።

አዛውንቱ በመጨረሻ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ዘርግተው፣ በአድናቆት ይመለከቱኝ ጀመር። እሳቸው በሚኖሩበት መካኒሳ አቦ አንድ የአጥር ጠብ አለ አሉ፤ እንደ እኔ ነገር የሚቆርጥ ሰው ጠፍቶ ዓመት ፈጅቷል፤ የሚመጣው እሁድ ብቅ ብል ምን ይለኛል?

“አይመቸኝም” አልኩ። ሙሉነሽ ሳህኗን እንደያዘች ቆመች።

“ምነው፣ ሥራ ይዘዋል?” አሉኝ።

“የለም፤ እሁድ ምንም ሥራ የለብኝም፣ ቤቴ ነኝ” አልኳቸው፤ “የማይመቸኝም ለዚሁ ነው።”